የጋፋት ባለሙያዎችና መልስ ያጣው ደብዳቤ

የዛሬ ወጣት ባለሙያ ሙያውን ማሳደግ ሲያምረው ሊንክድኢን ላይ ይገባል። ፎቶውን ይለጥፋል፣ የተማረውንና የሠራውን ይዘረዝራል፣ አይቷቸው ለማያውቃቸው ሰዎች «እንተዋወቅ» ይላል። ብዙዎቹ እሺ ይሉታል። ከዚያ በኋላስ? አብዛኛውን ጊዜ ዝም ነው። አምስት መቶ «ወዳጅ» ያለው ሰው አንድ ምስክር ሲያጣ አይተናል። ይሄ የኢንተርኔት ዘመን ጣጣ ብቻ የሚመስለው አንባቢ ካለ፣ እስቲ ወደ ደቡብ ጎንደር ልውሰደው።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ወረታን አልፎ አዲስ ዘመን አካባቢ የጣራ ገዳምን ደን ያገኛል። ወረታ ላይ ወደ ምሥራቅ የታጠፈ ግን ሽቅብ ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል። ጋፋት ከዚያች ከተማ ወጣ ብላ ትገኛለች።

አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሰባሰቧቸው አውሮፓውያን እንዲሁ በአጋጣሚ የመጡ አልነበሩም፤ አብዛኞቹን ያመጣቸው የሰው ሰው ነው። ሳሙኤል ጎባት ቀደም ሲል አገራችን የኖረ ሚሲዮናዊ ነው፤ ኋላ ኢየሩሳሌም ላይ የፕሮቴስታንት ጳጳስ ሆነ። በስዊዘርላንድ፣ ባዝል አጠገብ ደግሞ የእጅ ሙያ ያላቸውን ወጣቶች ለስብከት የሚያሠለጥን ቅዱስ ክሪሾና የሚባል ተቋም ነበር። ጎባት አገሩን ያውቃል፣ ክሪሾና ሰው አለው፣ ንጉሡ ሙያ ይፈልጋሉ። የትውውቁ ገመድ በዚህ ተዘረጋ፤ የመጀመሪያዎቹም በ1848 ዓ.ም. ገደማ ደረሱ። ሰባኪ ሆነው መጥተው አንጥረኛ ሆነው ቀሩ ማለት ይቻላል። መድፍ ማቅለጥ ማን አስተምሯቸው! እየሞከሩ፣ እየከሸፈባቸው፣ ከአገሬው ሠራተኛ ጋር ጭስ እየታጠኑ ተማሩት። ዋልድማየርና ሳልሙለር ደግሞ የንጉሡ ባለሟል የነበረውን የጆን ቤልን ልጆች አገቡ። ቅርርቡ ሥር የያዘው እንዲህ ነው፦ በሥራም በጋብቻም።

የቴዎድሮስ ዓይን ግን ከጋፋት አልፎ ለንደን ነበር። እዚያ የሚያገናኟቸው ሁለት ሰዎች፣ ቆንስሉ ፕላውደንና ቤል፣ ሁለቱም በእ.ኤ.አ. 1860 ተገደሉ። መካከለኛ ጠፋ ማለት ነው። ንጉሡ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የወዳጅነት ደብዳቤ ጻፉና ለአዲሱ ቆንስል ለካሜሮን ሰጡት። ካሜሮን ራሱ አላደረሰውም፤ በመልእክተኛ ወደ ባሕር ጠረፍ ላከው። ደብዳቤው በጥቂት ወራት ውስጥ ለንደን ገባ፣ ፋይል ተደረገ፣ ተረሳ። (የመሥሪያ ቤት ሰው ጠባይ በየአገሩ አንድ ነው።) ካሜሮን ባዶ እጁን ተመለሰ። ንጉሡ ዝምታውን እንደ ንቀት ቆጠሩት። በ1856 ዓ.ም. ቆንስሉ ታሰረ፤ መልሱን ይዞ የተላከው ራሳም ንጉሡ ዘንድ የደረሰው በጥር 1858 ዓ.ም. ነው። ከሦስት ዓመት በላይ መሆኑ ነው።

ለእንግሊዝ ጥፋት ማመካኛ የለኝም። የቴዎድሮስም መንገድ ግን ገመዱን የሚቆርጥ ነበር። ራሳምንም ያዙት። በዚያው ዓመት ፍላድን ባለሙያና መሣሪያ እንዲያመጣ ወደ እንግሊዝ ሲልኩት ሚስቱንና ልጆቹን መያዣ አደረጉ። ሰንሰለት ሰውን ቦታው ላይ ያቆያል እንጂ ሌላ ሰው አይጠራም፤ የታሰረው ሰው ወሬ ከደብዳቤው ቀድሞ ይደርሳል።

እዚህ ላይ የሚያንገበግበው ነገር አለ። ንጉሡ የለመኑት ባለሙያ መጥቶ ነበር! የእንግሊዝ መንግሥት የእጅ ባለሙያዎች ቀጥሮ፣ መሣሪያ አስይዞ እስከ ምፅዋ ላከ። እስረኞቹ ይለቀቁና እነዚህም ይለፉ የሚል ነበር ሐሳቡ። ንጉሡ ደግሞ ባለሙያዎቹ ይቅደሙ አሉ። አንዱም አንዱን አላመነም። ሰዎቹ የባሕር ዳርቻ ሙቀት ሲያቃጥላቸው ከርመው፣ ደጋውን ሳይረግጡ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1859 ዓ.ም. ጋፋት ላይ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው «ሴባስቶፖል» የተቀለጠው በእነዚያው በቀደሙት እጆች ነው። ከደብረ ታቦር መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ያህል ተጎተተ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወደቀች።

የጋፋት ሰዎች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጥተው ተበተኑ። ዋልድማየር ሊባኖስ ገባ። ብሩማና በምትባል የተራራ መንደር ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ኋላም አስፉሪያ ላይ ለአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። ገንዘቡን ያሰባሰበው አውሮፓንና አሜሪካን እየዞረ፣ ወዳጅን በወዳጅ እየተዋወቀ ነበር።