ከጠመንጃ ወደ ሌንስ፦ ረዥም ዙም ልትገዙ ላሰባችሁ ሁሉ

 

ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ በዝቶብኛል። ከድሮ ተማሪዎቼ አንዳንዶቻችሁ አስጎብኚ ሆናችኋል፣ አንዳንዶቻችሁ ሰርግ እያነሳችሁ ወደ ዱር እንስሳት ፎቶ ልትገቡ ነው። "መምህር፣ የትኛውን ረዥም ሌንስ ልግዛ?" ትሉኛላችሁ። እኔ የታሪክ መምህር እንጂ ካሜራ ሻጭ አይደለሁም። ስለዚህ በማውቀው መንገድ፣ በታሪክ በኩል ልመልስ። ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ዋናውን ነገር ከፊት ላስቀምጠው። ላለፉት 130 ዓመታት ረዥም ሌንስ የሠሩ ሰዎች በሙሉ የታገሉት ከአራት ነገሮች ጋር ነው፦ ርቀት፣ ብርሃን፣ ክብደትና ዋጋ። አራቱንም በአንድ ጊዜ ያሸነፈ እስከ ዛሬ የለም። አንዱን ሲይዙ ሌላው ያመልጣል። ሌንስ መምረጥ ማለት እንግዲህ የቱን እንደምትለቁ ማወቅ ነው።

1ኛ፦ በበሬ ሆድ ውስጥ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የዱር እንስሳን በቅርብ ለማየት የተለመደው መንገድ ጠመንጃ ነበር። ገድሎ፣ ቆዳውን ገፎ፣ ቀንዱን ግድግዳ ላይ መስቀል። ካሜራ ይዞ የሚሄድ ሰው ሌንሱ አጭር ስለሆነ እንስሳው አጠገብ መድረስ ነበረበት። እንስሳው ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም።

እንግሊዛውያኑ ወንድማማቾች ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን በ1895 በፎቶ ብቻ የተደገፈ የወፍ ጎጆ መጽሐፍ አሳተሙ። ቆየት ብለው ደግሞ ወፎቹ እንዳይሸሹ ውስጡ ባዶ የሆነ፣ በእውነተኛ ቆዳ የተሸፈነ በሬ አሠሩ። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ይዞ በሬው ሆድ ውስጥ ይገባና በቀዳዳ ያነሳል። አትሳቁ፣ እውነት ነው!

አሜሪካዊው ጠበቃ ጆርጅ ሺራስ ሣልሳዊ ደግሞ አዳኝ ነበር። ጠመንጃውን በካሜራ ለውጦ፣ ሌሊት በታንኳ እየቀዘፈ፣ ውኃ ዳር የመጡትን አጋዘኖች በብልጭታ ዱቄት ያነሳቸው ጀመር። ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት በሐምሌ 1906 ከሥራዎቹ 74 ፎቶዎችን አወጣለት። ጀርመናዊው ካርል ጌዮርግ ሺሊንግስም በዛሬዋ ታንዛኒያ ያነሳቸውን የሌሊት ፎቶዎች በ1905 አካባቢ በመጽሐፍ አቀረበ። የመጽሐፉ ርዕስ በአማርኛ "በብልጭታና በጠመንጃ" እንደ ማለት ነው። ዘመኑ ገና በሁለቱ መካከል ነበር ማለት ነው።

በዚያው ዘመን እኛ አገር የሆነውንም አስታውሱ። የደጋ አጋዘንን የባሌና የአርሲ ሰው ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። የአውሮፓ ሳይንስ ግን ያወቀው በ1908 አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ ተኩሶ ስለገደለው ነው። በ1910 ሪቻርድ ሊደከር ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣለት "በክስቶኒ" አለው። የኛ ብርቅዬ አጋዘን እስከ ዛሬ የተኳሹን ስም ተሸክሞ ይኖራል።

2ኛ፦ ርቀትን ማሳጠር

ተራ አሠራር ያለው የ600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከፊልሙ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል መራቅ አለበት። ይህ ለመሸከም አይመችም። በ1891 እንግሊዛዊው ቶማስ ዳልማየር መፍትሔ ይዞ መጣ፤ በጀርመንም በዚያው ሰሞን ተመሳሳይ ሐሳብ ያቀረቡ ነበሩ። ዘዴው ቀላል ነው፦ ከፊት ብርሃን የሚሰበስብ መስታወት፣ ከኋላ ብርሃን የሚበትን መስታወት። የሌንሱ አካል ከትኩረት ርዝመቱ ያጥራል። "ቴሌፎቶ" የምንለው ይህንን ነው።

ርዝመቱ ተቀነሰ፣ ብርሃኑ ግን አነሰ። ብርሃን ሲያንስ ካሜራው ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት መሆን አለበት፤ በዚያ መሀል እንስሳው ይንቀሳቀሳል፣ ፎቶው ይደበዝዛል።

3ኛ፦ ዙም ሲመጣ

ዙም መጀመሪያ የሲኒማና የቴሌቪዥን ዕቃ ነበር። ለፎቶ ካሜራ የመጣው በ1959 ነው፤ ፍራንክ ባክ የነደፈውና ፎክትሌንደር የሸጠው "ዙማር"፣ ከ36 እስከ 82 ሚሊ ሜትር። በዚያው ዓመት ኒከን ከ85 እስከ 250 የሚደርስ አወጣ። በ1961 ደግሞ ከ200 እስከ 600! ዛሬ እንደ አዲስ የሚወራለት ርዝመት ያኔም ነበረ ማለት ነው።

ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው አልተጠቀመበትም? እስቲ እናስላው። ሌንሱ በ600 ላይ ብርሃን የሚያስገባው በኤፍ 10 አካባቢ ነው። የዘመኑ ታዋቂ የቀለም ፊልም የኮዳክሮም ስሜታዊነት 25 ብቻ ነበር። በቀትር ፀሐይ እንኳ የምታገኙት ፍጥነት የሰከንድ 1/60 ገደማ ነው። በእጅ ለመያዝ ግን ቢያንስ 1/600 ያስፈልጋል። በቃ፣ ትራይፖድ ላይ አስራችሁ ተኝቶ የሚያንቀላፋ እንስሳ መፈለግ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ይህንን ክፍተት መሙላት ነው። በ1969 ካኖን ሰው ሠራሽ ፍሎራይት የገባበት ሌንስ ሠራ፤ የረዥም ሌንስ ጠላት የሆነው የቀለም መበተን ቀነሰ። በ1985 የሚኖልታ 7000 ካሜራ አውቶፎከስን ለብዙኃኑ አስለመደ። በ1995 ካኖን የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያካክስ ሌንስ አመጣ፤ በ1998 ደግሞ ያንን በ100-400 ላይ አደረገው።

በሌላ በኩል በ1993 ኒከን ከ1200 እስከ 1700 የሚደርስ ዙም ሠርቷል። ክብደቱ 16 ኪሎ ገደማ! እሱን ይዞ ሳነቴ መውጣት በቅሎ መከራየትን ይጠይቃል።

4ኛ፦ ለኪሳችን የመጣው ለውጥ

በእኔ አስተያየት ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው ትልቁ ዓመት 2013 ነው። በዚያ ዓመት መጨረሻ ታምሮን ባለ 150-600 ሌንስ በ1,069 ዶላር አቀረበ። ክብደቱ ሁለት ኪሎ አይሞላም። ሲግማ ሁለት ዓይነት 150-600 አስከተለ፣ ኒከን በ2015 200-500 አወጣ። በሚረርለስ ዘመን ደግሞ የሶኒ 200-600 (2019)፣ የኒከን 180-600 እና የካኖን 200-800 (ሁለቱም 2023) መጡ።

ዋጋው እንዴት ወረደ? ብርሃን ተለቆ ነው። 600ን ለ6.3 ስታካፍሉ 95 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ የፊተኛው መስታወት ስፋት ማለት ነው። ባለሙያዎቹ የሚይዙት 600 በኤፍ 4 ግን 150 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል። የሚያስገባው ብርሃን ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ነው፤ ዋጋው ደግሞ ከ12 ሺህ ዶላር በላይ። እኛ የለቀቅነውን ብርሃን ዛሬ በከፊል የሚተካልን የካሜራው ሴንሰር ነው። የ1961ዱ ሰው ይህ አልነበረውም።

5ኛ፦ እንግዲህ ምን ልግዛ?

• መጀመሪያ እንስሳውን ምረጡ። ሰሜን ተራሮች ላይ ጭላዳ ሰው ስለለመደ ባለ 70-200 እንኳ ይበቃል። ቀይ ቀበሮና ወፍ ግን 500 እና ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ።

• ካሜራችሁን እዩ። ሴንሰሩ አነስተኛ ከሆነ 400 የሚሆነው ሌንስ የ600ን ያህል ያቀርባል። 600 ለመግዛት ከመበደራችሁ በፊት ይህንን አስሉ።

• ጊዜውን አስቡ። እንስሳት የሚንቀሳቀሱት ማለዳና አመሻሽ ላይ ነው፤ ያኔ ብርሃን ያንሳል። የምስል ማረጋጊያው የእናንተን እጅ እንጂ የሚሮጥ ቀበሮን አያስቆምም። ለእሱ 1/1000 እና ከዚያ በላይ ፍጥነት ያስፈልጋል።

• "ረዥሙ ይሻላል" አትበሉ። ቀትር ላይ መሬቱ ሲሞቅ አየሩ ይንቀጠቀጣል፤ ያኔ 800ም ቢሆን የሚያሳያችሁ ጭጋግ ነው።

• ያገለገለ ከሆነ ሌንሱን ወደ ብርሃን ይዛችሁ በውስጡ ተመልከቱ። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካያችሁ ፈንገስ ነው፤ ተዉት። ዙሙን ከዳር እስከ ዳር አዙሩ፣ ፎከሱን በቅርብም በሩቅም ሞክሩ። የድሮ ሌንስ ለአዲስ ካሜራ አዳፕተር ሊፈልግ ስለሚችል ብር ከመክፈላችሁ በፊት በራሳችሁ ካሜራ ላይ ግጠሙት።

እኔ ከወዳጄ እየተዋስኩ የምጠቀመው ያገለገለ 150-600 ነው። ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ እሱን እመክራለሁ። ትከሻችሁ ክብደት የማይችል ከሆነ ግን ባለ 100-400 ያዙ። ቤት የሚቀር 600፣ ሁልጊዜ አብሯችሁ ከሚወጣ 400 አይበልጥም።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ከአራቱ አንዱን መልቀቅ ግዴታ ነው ብያለሁ፤ ርቀትን ስትለቁ ግን ዋጋውን የሚከፍለው እንስሳው ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ናቸው። ሳነቴ ላይ አንዱ ፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ አድፍጦ ሲጠብቅ "ትንሽ ልጠጋ" ያለ ሰው ምሳውን ያስመልጥበታል። ጋይሳይ ላይ የደጋ አጋዘን ግጦሹን አቁሞ ጆሮውን ካቀና በጣም ቀርባችኋል፤ ቁሙ፣ ወይም ወደ ኋላ ተመለሱ። ሌንሳችሁ ካልደረሰ እንስሳውን ከነመልክዓ ምድሩ አንሱት፤ እሱም ጥሩ ፎቶ ነው። አስጎብኚ የሆናችሁ ተማሪዎቼ ደግሞ ይህንን ለእንግዶቻችሁ የመናገር ድፍረት ይኑራችሁ። ጉርሻ ሊቀርባችሁ ይችላል፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ተናገሩ።

ያላችሁን ካሜራና በጀት ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ እየተመካከርን እንመርጣለን። ሌንስ ሊገዛ ያሰበ ጓደኛ ካላችሁም ሼር አድርጉለት።

መልካም ሳምንት ይሁንላችሁ!