የሚሠራ የከብት እርባታ ሲገዛ፦ የኮስታ ሪካ ምሳሌ

የሚሠራ የከብት እርባታ ማለት ባዶ መሬት አይደለም። ከብቱ በበረት፣ እረኛው በሥራው፣ ውኃው በገንዳው እንዳለ ከአንድ ባለቤት ወደ ሌላ የሚያልፍ ንብረት ነው። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም፤ በሊዝ ወይም በኪራይ ይያዛል እንጂ። ስለዚህ ለዛሬው ማብራሪያ ሌላ ሞቃት አገር እንውሰድ፤ የውጭ አገር ሰው መሬት በስሙ መግዛት የሚችልባትን ኮስታ ሪካን። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሻጩ በአንድ ዋጋ ቢያቀርበውም ገዢው የሚረከበው አምስት ነገር ነው፦ መሬት፣ ሣር፣ ውኃ፣ ከብትና ሠራተኛ። የመሬቱ ወረቀት የቀሩትን አራቱን ይዞ አይመጣም። ገንዘብ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

አገሪቱ ትንሽ ብትሆንም አየሯ አንድ ዓይነት አይደለም። በሰሜን ምዕራብ ያለው ጓናካስቴ ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል ይደርቃል፤ በአብዛኛው የሥጋ ከብት አገር ነው። ሳን ካርሎስ ዝናብ አይለየውም፣ የወተት ላም በብዛት ያለው እዚያ ነው። በካሪቢያን ባሕር በኩል ያለው ሊሞን ዓመቱን ሙሉ ይዘንብበታል፤ እዚያ የሚያስቸግረው ድርቅ ሳይሆን ጭቃ፣ የሰኮና ሕመምና የሆድ ትል ነው። ስለ መለኪያም ይታወቅ፦ ሻጮች "ማንሳና" ሲሉ ሄክታር ማለታቸው አይደለም። አንድ ማንሳና ወደ 7 ዱናም ይጠጋል፣ ሄክታር ደግሞ 10 ዱናም ነው።

ከወረቀቱ እንጀምር። እኛ እዚህ ታቡ የምንለው እዚያ ሬጂስትሮ ናሲዮናል ይባላል። እያንዳንዱ መሬት ቁጥር አለው፤ የቁጥሩ መጀመሪያ አውራጃውን ያመለክታል፣ ለምሳሌ 5 ጓናካስቴ ነው። በዚያ ቁጥር ባለቤቱን፣ የባንክ ዕዳን፣ በመሬቱ ላይ የሌላ ሰው የመተላለፊያ መብትንና የፍርድ ቤት ክርክርን ማየት ይቻላል። ከዚያ ፕላኑ ይወጣና ከአጥሩ ጋር ይመሳከራል። በቆዩ እርባታዎች አጥሩና ፕላኑ ብዙ ጊዜ ስለማይገጥሙ የራስን ቀያሽ ይዞ ዙሪያውን በእግር መሄድ ያስፈልጋል። በአጥሩ ውስጥ ጎጆ ወይም የሰው እርሻ ካለ አይታለፍ፤ ከ10 ዓመት በላይ በሰላም የያዘ ሰው የባለቤትነት ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል።

ጨርሶ እንደ ግል መሬት የማይገዛም አለ። ከባሕሩ ዳር ካለው 200 ሜትር ውስጥ የመጀመሪያው 50 ሜትር የሕዝብ ነው፣ ቀሪው 150 ሜትር ከማዘጋጃ ቤቱ በኮንሴሽን የሚሰጥ ነው። ከፓናማና ከኒካራጓ ድንበር 2 ኪሎ ሜትር ድረስ ያለው የመንግሥት ነው። ኢንዴር የተባለው የገጠር ልማት ተቋም ለገበሬ የሰጠው መሬትም ለዓመታት ያለ ተቋሙ ፈቃድ አይሸጥም። "ይዞታ ብቻ ነው፣ ለዚህ ነው ዋጋው የረከሰው" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ እውነቱን ነው፤ የረከሰበትን ምክንያት ራሱ ነግሯችኋል። ውሉን የሚጽፈው ጠበቃ ኖታሪም የሻጩ ሳይሆን የእናንተ ይሁን።

ሣሩን ማየት የሚገባው በማርች ወይም በኤፕሪል ነው። በኦክቶበር የሄደ ሰው ሁሉም ነገር ለምልሞ ያያል። በጓናካስቴ ከሚታዩት የቆዩ ግጦሾች አንዱ ሃራጓ የሚባል ሣር ነው፤ ከአፍሪካ የሄደ፣ በአገራችን ጎጆ የሚከደንበት የሰንበሌጥ ወገን ነው። ሰንበሌጥን የሚያውቅ ሰው ባሕርዩን ያውቃል፦ በዝናብ ጊዜ ቁመቱ ከብት ይሸፍናል፣ ሲደርቅ እንጨት ይሆናል፣ እሳትም ይወዳል። ከአፍሪካ የሄደው ሌላው ሣር ብራኪያሪያ ይሻላል፤ እርሱም ቢሆን ያለ ዕረፍት ከተጋጠ ይሳሳል። ሻጩን "በማርች ምን ይበላሉ?" ብላችሁ ጠይቁት። ድርቆሽ፣ ታምቆ የተከማቸ መኖ፣ ሸንኮራ አገዳ ወይም የኪራይ ግጦሽ ካለ ወጪውን በቁጥር ይንገራችሁ። በ2014 በተደረገው የግብርና ቆጠራ አገሪቱ ወደ 1.3 ሚሊዮን ከብትና ወደ 1 ሚሊዮን ሄክታር ግጦሽ ነበራት፤ በአንድ ሄክታር ከአንድ ከብት ብዙም አይበልጥም ማለት ነው። በ60 ሄክታር ላይ 120 ከብት ያሳያችሁ ሰው ወይ በጣም ጎበዝ ነው፣ ወይ ለጉብኝቱ ከጎረቤት አምጥቷል፣ ወይም መሬቱን እየጨረሰው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ ደን። በ1996 የወጣው የደን ሕግ፣ ቁጥር 7575፣ ደን የሆነን መሬት ወደ ግጦሽ መለወጥ ይከለክላል። ሕጉ ደን የሚለው 2 ሄክታር ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ጥላው ከመሬቱ 70 በመቶውን የሚሸፍን፣ በሄክታርም ውፍረታቸው 15 ሴንቲ ሜትር የደረሰ ከ60 በላይ ዛፎች ያሉትን ነው። ስለዚህ "ይህ እኮ ቁጥቋጦ የወረሰው የድሮ ግጦሽ ነው፣ በአንድ ሳምንት ይመነጠራል" ሲባል ዛፍ መቁጠር ነው። ቁጥቋጦው አድጎ ደን ሆኖ ከሆነ የሚመነጥረው ሰው ይከሰሳል። በቋሚ ምንጭ ዙሪያ 100 ሜትር፣ በገጠር ወንዝ ዳር ግራና ቀኝ በሜዳ 15፣ በዳገት 50 ሜትር ደግሞ የተጠበቀ ነው።

ይህ በዋጋ ላይ ምን ያደርጋል? ለምሳሌ ያህል 100 ሄክታር በ300,000 ዶላር ቀረበ እንበል። ሄክታሩ 3,000 ይመስላል። 35 ሄክታሩ ደንና የወንዝ ዳር ከሆነ ግን ከብት የሚበላበት 65 ብቻ ነው፤ የግጦሹ ሄክታር ወደ 4,600 ዶላር ወጣ። ደኑ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፤ ውኃውን የሚያቆየው እርሱ ነው፣ መንግሥትም ደን ለሚጠብቁ ባለ ርስቶች የሚከፍልበት ፕሮግራም አለው። ከብት ግን አያበላም።

ውኃ በሕጉ የሕዝብ ሀብት ነው። ወንዝ በመሬታችሁ ስላለፈ፣ ጉድጓድም ስለተቆፈረ ብቻ መጠቀም አይፈቀድም፤ ከአካባቢ ሚኒስቴር የውኃ ክፍል ኮንሴሽን ያስፈልጋል። ኮንሴሽኑ በማን ስም እንደሆነ፣ መቼ እንደሚያበቃና ለስንት ሊትር እንደተሰጠ ይታይ። አንድ ትልቅ ላም በሙቀት ቀን 50 ሊትር አካባቢ ትጠጣለች፤ በ100 አባዙትና በደረቁ ወር ምንጩ ምን ያህል እንደሚያወጣ በባልዲና በሰዓት ለኩ።

ከብቱ በሜዳ አይቆጠርም። በበረት ገብቶ፣ አንድ በአንድ እያለፈ፣ በሚዛን ይቆጠር። በጋለ ብረት የተተኮሰው ምልክት በሻጩ ስም የተመዘገበ ነው ወይ? ገዢውም የራሱን ምልክት ማስመዝገብ አለበት። ሴናሳ የተባለው የእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤት ለእርባታው የሰጠው የሥራ ፈቃድ፣ የብሩሴሎሲስና የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ውጤት ይጠየቅ። እርጉዝ የተባሉትን ላሞች እናንተ ያመጣችሁት የእንስሳት ሐኪም በእጁ ይመርምር። ሻጩ "በየዓመቱ ይወልዳሉ" ካለ ደግሞ የ3 ዓመት የጨረታ ደረሰኝ ያሳይ። ጥጃ በብዛት የሚሸጠው ሱባስታ በሚባል ጨረታ በኪሎ ስለሆነ ወረቀት ይኖራል። በደረሰኙ ከ100 ላም በዓመት 50 ጥጃ ብቻ ከተሸጠ የሚገዛው እርባታ የ50 ጥጃ ነው። ሻኛ ያላቸው ብራማንና ድቅሎቻቸው ሙቀትና መዥገር ይችላሉ። በ2023 ግን አንድ የቆየ ጠላት ተመልሷል፦ ቁስል ላይ እንቁላሉን የሚጥል ዝንብ፣ ትሉም ሕያው ሥጋ ይበላል። በ2024 አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አውጃለች። አዲስ የተወለደ ጥጃ እትብቱ ካልታከመ ሊሞት ይችላል፤ ይህ በየቀኑ የሚያይ ሰው ይፈልጋል።

ያ ሰው እረኛው ነው። በኮስታ ሪካ ሕግ እርባታው ሲሸጥ የሠራተኛው የቆየ መብት አብሮ ይተላለፋል፤ ለመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ሻጩና ገዢው በጋራ ይጠየቃሉ፣ ከዚያ በኋላ ገዢው ብቻ። 15 ዓመት የሠራ ሰው ካለ እኛ ፒጹዪም የምንለው ገንዘብ አለው፤ ለካሃ፣ ማለትም ለማኅበራዊ ዋስትናው፣ ያልተከፈለ ዕዳም ሊኖር ይችላል። ሒሳቡ ከሽያጩ በፊት በሻጩ ይዘጋ ወይም ከዋጋው ይቀነስ። ሰውዬውን ግን በቀላሉ አታሰናብቱት። የትኛው በር በጎርፍ እንደሚዘጋና የትኛው ኮርማ እንደሚዋጋ የሚያውቀው እርሱ ነው።

ግብሩ ከባድ አይደለም፦ ለስም ዝውውር 1.5 በመቶ፣ ከዚያ በየዓመቱ ለማዘጋጃ ቤት 0.25 በመቶ።

በውሉ ላይ የመሬቱና የከብቱ ዋጋ ለየብቻ ይጻፍ፤ ከብቱም በምልክት፣ በጾታና በዕድሜ ይዘርዘር። በቀብድና በፊርማ መካከል ባሉት ሳምንታት ጥሩ ጥሩዎቹ ጊደሮች የመውጣት ልማድ ስላላቸው፣ በርክክቡ ዕለት ማለዳ በረቱ እንደገና ይቆጠርና የጎደለው በዚያው ከክፍያው ይቀነስ።