ጥቁሩ ስክሪን፦ ከ446 ባይት እስከ ማይክሮሶፍት ቁልፍ

ሊኑክስንና ዊንዶውስን በአንድ ላፕቶፕ ጎን ለጎን ጭኖ የሚጠቀም ሰው ይህን ያውቀዋል። ማታ «አዲስ ከርነል መጥቷል» የሚል መልእክት ያያል፤ እሺ ብሎ ያዘምናል። ጠዋት ሲያበራው ጥቁር ስክሪንና ሁለት ሦስት መስመር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይጠብቀዋል። ይዞት ጥገና ቤት ይሄዳል። ብዙ ጊዜ መልሱ አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ።» የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የልጁ ፎቶ፣ የሁለት ዓመት የሒሳብ መዝገቡ በዚያች ቃል ይጠፋል።

ያቺ ቃል በአብዛኛው ያለቦታዋ ነው የምትነገረው። ለምን እንደሆነ የሚገባን ደግሞ ኮምፒውተር ከእንቅልፉ የሚነሳበትን በር ታሪክ ስናውቅ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ።)

ኮምፒውተር ሲበራ ዊንዶውስንም ሊኑክስንም አያውቅም። መጀመሪያ የሚነቃው ማዘርቦርዱ ላይ ያለ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ እሱም ዲስኩን ከፍቶ «ቀጥሎ ማንን ልጥራ?» ይላል። አይቢኤም በ1983 ሃርድ ዲስክ ያለው ኮምፒውተር ለገበያ ሲያቀርብ መልሱ የተቀመጠው በዲስኩ የመጀመሪያ 512 ባይት ውስጥ ነበር። ከዚያ ላይ የዲስኩ ክፍልፋዮች ሰንጠረዥና የማረጋገጫ ምልክቱ ሲቀነሱ ለፕሮግራሙ የቀረው 446 ባይት ነው። በዛሬው የተለመደ አጻጻፍ አንድ የግእዝ ሆሄ 3 ባይት ይወስዳል። እዚያ ቦታ ላይ እንጻፍ ብንል የሚገባልን 148 ሆሄ ብቻ ነው፤ ይህ አንቀጽ እንኳ ሙሉ በሙሉ አይገባም።

በዚህች ጠባብ በር ላይ ዘበኛ አልነበረም። የመጨረሻው መጪ የፊተኛውን አጥፍቶ የራሱን ይጽፋል። ዊንዶውስን ከሊኑክስ በኋላ የጫነ ሁሉ ሊኑክሱ «የጠፋበት» በዚህ ነው። አልጠፋም። ዲስኩ ላይ እንዳለ ነው፤ የሚጠራው አጥቶ ነው።

ሊኑክስ በ1991 ሲወለድ ይህን በር የሚጠብቅለት ፕሮግራም አስፈለገው። በ1990ዎቹ አብዛኛው ሰው የተጠቀመው ቨርነር አልመስበርገር የጻፈውን ሊሎን ነው። ሊሎ ፋይልን በስሙ ፈልጎ ማግኘት አይችልም ነበር። ከርነሉ በዲስኩ ላይ የተቀመጠባቸውን ቦታዎች ቁጥር ብቻ መዝግቦ ይይዛል፤ የዘመዱን ቤት በሰፈርና በስም ሳይሆን በእርምጃ ብዛት እንደሚያውቅ እንግዳ ማለት ነው። ከርነሉ ሲታደስ አዲሱ ፋይል ሌላ ቦታ ያርፋል። ባለቤቱ የሊሎን ትእዛዝ ዳግመኛ ማስኬድ ከረሳ እንግዳው በማግስቱ ባዶ ግቢ ይገባል። ስክሪኑ ላይ «ሊሎ» የሚለው ስም ሳይጨርስ ቆሞ ይታያል፤ የወጡት ፊደሎች ብዛትም የት ላይ እንደተሰናከለ ይናገራል።

መፍትሔው የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ኤሪክ ቦሊን በ1995 ኸርድ የተባለውን የግኑ ሥርዓት ለማስነሳት ሲታገል ግረብን ጻፈ፤ በ1999 ግረብ የግኑ ፕሮጀክት አካል ሆነ። ግረብ የፋይል ሥርዓቱን ማንበብ ይችላል፤ ከርነሉን በስሙ ይፈልገዋል። የሊኑክስ አዘጋጆችም አዲስ ከርነል ሲጭኑ አሮጌውን ሳያጠፉ በግረብ ዝርዝር ውስጥ ማቆየትን ልማድ አደረጉ። በእኔ ግምት በዚህ ታሪክ ውስጥ ካሉት ብልሃቶች ሁሉ ተጠቃሚን ያዳነው ይህ ነው፤ የሚያስታውሰው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ስለዚህ ከማዘመን በኋላ ጥቁር ስክሪን ሲመጣ የመጀመሪያው እርምጃ ጥገና ቤት መሄድ አይደለም። ሲበራ ሺፍት ወይም ኢስኬፕ ቁልፍን ተጭኖ የግረብን ዝርዝር ማውጣት፣ ከዚያ «ተጨማሪ ምርጫዎች» ከሚለው ረድፍ ውስጥ የቀድሞውን ከርነል መምረጥ ነው። በእሱ ከተነሳ ችግሩ ከአዲሱ ከርነል ጋር ነው ማለት ነው። አስፈሪው «ከርነል ፓኒክ» የሚለው መልእክት ዋናውን ዲስክ ማግኘት አልቻልኩም ካለ፣ ብዙ ጊዜ የጎደለው ከርነሉ ዲስኩን እስኪያገኝ የሚደግፈው ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባል ፋይል ነው። ቡት የሚባለው ክፍል በአሮጌ ከርነሎች ስለሞላ ፋይሉ ሳይሠራ ወይም በከፊል ተሠርቶ ይቀራል። አሮጌዎቹን ቀንሶ ፋይሉን እንደገና ማሠራት ይበቃል። የቀድሞውም ከርነል እምቢ ካለ በፍላሽ ሊኑክስ ማስነሳት፣ ፋይሎቹን መጀመሪያ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ፣ ከዚያ ግረብን መልሶ መትከል ነው። በፍላሹ ሲነሳ ፎቶዎቹ እንዳሉ ሲታዩ የሰውየው ፊት ላይ የሚመጣውን ለውጥ የጥገና ባለሙያዎች ሁሉ ቢያዩት እመኝ ነበር።

እስከዚህ ድረስ በሩ የባለቤቱ ነበር። በ2012 ዊንዶውስ 8 ሲመጣ ታሪኩ ተቀየረ።

አሮጌው ባዮስ ዩኢኤፍአይ ለሚባለው አዲስ ሥርዓት ቦታውን እየለቀቀ ነበር። ማይክሮሶፍትም የዊንዶውስ 8 ምልክት የሚለጠፍበት ኮምፒውተር ሁሉ ሴኪውር ቡት እንዲኖረው ጠየቀ። በሩ አሁን ቁልፍ አለው፤ የታወቀ ፊርማ የሌለው ፕሮግራም አይገባም። ምክንያቱ የፈጠራ አይደለም፤ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ቀድመው የሚነሱ ቫይረሶች በእርግጥ ነበሩ። ግን ማዘርቦርዶቹ ላይ የሚቀመጠው ቁልፍ የማን ይሁን? የማይክሮሶፍት ሆነ። በሬድ ሃት ይሠራ የነበረው ማቲው ጋሬት በ2011 ይህን አስቀድሞ ጽፎ አስጠነቀቀ፤ ክርክሩም ጦፈ። የተገኘው መላ ሺም ነው፤ ስሙ ክፍተት የሚሞላ ስስ ሽብልቅ እንደማለት ነው። ማይክሮሶፍት የሚፈርምለት ትንሽ ፕሮግራም ሆኖ ቀጥሎ ግረብን ይጠራል። የሊኑክስ ሰዎች በተፎካካሪያቸው ፊርማ መግባት ጀመሩ ማለት ነው። ለፍትሕ ያህል፣ በተራ ኮምፒውተሮች ላይ ባለቤቱ ቁልፉን ማጥፋት እንዲችል ማይክሮሶፍት ራሱ በደንቡ አስገድዶ ነበር። በአርም ፕሮሰሰር በሚሠሩት ላይ ግን ተቃራኒውን ነው ያዘዘው።

ከዚያ ወዲህ ብልሽቱ መልኩን ቀየረ። በ2020 ግረብ ውስጥ ቡትሆል የተባለ ቀዳዳ ተገኘ፤ ለመድፈን የወጣው ማስተካከያ ራሱ ብዙ የሬድ ሃትና የሴንትኦኤስ ማሽኖችን አላስነሳ አለ። በ2021 የወጣው ግረብ 2.06 ደግሞ ለደኅንነት ሲል ሌሎች ኦፐሬቲንግ ሲስተሞችን መፈለግ አቆመ፤ ስንቱ ሰው «ዊንዶውሴ ጠፋ» ብሎ ደነገጠ! በማስተካከያ ፋይሉ ውስጥ አንድ መስመር መለወጥ ይበቃው ነበር።

ትልቁ ግን ኦገስት 13 ቀን 2024 የሆነው ነው። የዊንዶውስ ማዘመኛ ያረጁ የሺምና የግረብ ቅጂዎችን ከበሩ የሚያግድ ዝርዝር ይዞ መጣ። ማይክሮሶፍት ሁለት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያለበትን ኮምፒውተር አይነካም ብሎ ነበር። ነካ። ሊኑክሱን ያልነካ፣ ከርነሉንም ያላደሰ ሰው በማግስቱ «አንድ ነገር ክፉኛ ተበላሽቷል» የሚል መልእክት ተቀበለው። ሴኪውር ቡትን አጥፍቶ፣ ሊኑክስን አስነስቶ፣ የእገዳ ዝርዝሩን ሰርዞ መመለስ ይቻል ነበር። ከማይክሮሶፍት የመጨረሻው ማስተካከያ እስኪመጣ ግን እስከ ሜይ 2025 ድረስ ተጠብቋል።

ሴኪውር ቡትን ለማጥፋት የሚጣደፍ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። ዊንዶውሱ በቢትሎከር ከተቆለፈ የበሩ ሁኔታ ሲቀየር 48 አሃዝ ያለው የማስመለሻ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል። በአዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ቢትሎከር ባለቤቱ ሳያውቅ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባ ብቻ የሚበራበት ጊዜ አለ። ቁልፉ ከሌለ የዊንዶውሱ ፋይል በእርግጥ ይጠፋል፤ «በሩ እንጂ ቤቱ አልተነካም» የሚለው ነገር የማይሠራው እዚህ ላይ ነው። ቁልፉን ከአካውንቱ አውጥቶ ወረቀት ላይ መጻፍ ያለበት ሁሉም ደህና ሳለ ነው።

ቀጣዩም በር ላይ ያለ ጉዳይ ነው። ሺምን ሲያስገባ የኖረው የ2011 የማይክሮሶፍት ሰርተፊኬት ዘመኑ የሚያበቃው በጁን 2026 ነው። ቀድሞ የተፈረመው በአብዛኛው መነሳቱን ይቀጥላል። በአዲሱ የ2023 ቁልፍ ብቻ የሚፈረሙት ሺሞች ግን አዲሱን ቁልፍ ያልተቀበለ ማዘርቦርድ ላይ አይገቡም። ቁልፉ የሚመጣው በዊንዶውስ ማዘመኛ ወይም ከአምራቹ በሚወጣ የባዮስ ማሻሻያ ነው። እኛ አገር ብዙ ሰው የሚገዛው ያገለገለ ላፕቶፕ ነው፤ አምራቹ ማሻሻያ መላክ ካቆመ የቆየ። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ የጫነ ሰው በሚቀጥለው ማዘመን ጠዋት ስክሪኑ ቢጠቁርበት፣ ሲዲውን ወይም ፍላሹን ይዞ የሚጠብቀው ባለሙያ መጀመሪያ ሴኪውር ቡትን ይመልከት።