ከቀብር ወደ ሕክምና፦ እድርና የጤና እኩልነት ጥያቄ በኢትዮጵያ

በ1918 (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ፣ በከተማይቱ ያለቀው ሰው ወደ 10 ሺሕ እንደሚደርስ ይገመታል። አባቶቻችን ያንን መቅሠፍት «የኅዳር በሽታ» ብለው ሰየሙት። ሐኪሙ በጣት በሚቆጠርበት በዚያ ዘመን ድኻውም መኰንኑም ታመመ፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ከበሽታው አላመለጡም። ሆኖም አስታማሚና ውሃ የሚያቀብል ሰው ማግኘትና ማጣት በሕይወትና በሞት መካከል ያለ ልዩነት ነበርና፣ ከዘመድ ርቆ ለሥራ የመጣው ድኻ ጉዳቱ የባሰ እንደነበረ ለመገመት አያዳግትም። የዚያ ዘመን ትዝታ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ እየተጠረገ በሚቃጠልበት ልማድ እስከ ዘመናችን ዘልቋል። ጭስ በሽታን ያባርራል የሚለው እምነት ከሳይንስ ጋር ባይስማማም፣ የአንዱ ደጅ ንጽሕና የሌላው ጤና ነው የሚለው ሐሳብ ግን ዛሬም የሚናቅ አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የሰፈር ሰው ራሱ መሥርቶ፣ ራሱ ደንብ አውጥቶ፣ ራሱ የሚያስተዳድረውን እድርን ነው። ጥያቄያችን አጭር ነው፦ ለሞት የተቋቋመው ማኅበር ለሕይወት ሊያገለግል ይችላልን? የሚችል ከሆነስ በምን ሁኔታ?

የእድርን አመጣጥ በተመለከተ ተመራማሪዎች በአንድ ቃል አይናገሩም። አንዳንዶቹ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ ከገቡ የጉራጌ ተወላጆች ጋር ያያይዙታል፤ ሌሎች ደግሞ ከ1936 እስከ 1941 በዘለቀው የፋሽስት ኢጣልያ ወረራ ዘመን እንደ ተስፋፋ ያስረዳሉ። በሁለቱም አስተያየት ውስጥ ግን አንድ የጋራ ነገር አለ፤ እድር የከተማ ልጅ ነው። ከአገሩ ወጥቶ፣ ቤተ ዘመዱን ትቶ በባዕድ መካከል የሠፈረ ሰው፣ «ብሞት ማን ይቀብረኛል?» ለሚለው ጥያቄ የሰጠው መልስ ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ብሂል በእድር አማካይነት ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ጥሩንባ ነፊ ያለው ተቋም ሆነ። አባሉ በየወሩ ያዋጣል፤ ሲሞትበት ድንኳን ይተከልለታል፣ ገንዘብ ይሰጠዋል፣ ለቀስተኛ አያጣም። ቀብር የቀረ አባል ይቀጣል። በወሎ ገጠር ቅሬ የሚባለው ተመሳሳይ ማኅበር፣ በሌሎችም አካባቢዎች በሽተኛን በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ ሕክምና የማድረስ ልማድ፣ ይኸው መንፈስ ከከተማ ውጭም እንደሚኖር ያሳያሉ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምንሻው፣ መንገድና መኪና በሌለበት አገር ቃሬዛ ተሸካሚው ጎረቤት ከሕክምናው ሥርዓት የመጀመሪያው ክፍል መሆኑን ነው።

መንግሥትስ ምን ያደርግ ነበር? የሕዝብ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የተቋቋመው በ1948 ነው። በ1954 የተከፈተው የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅም ወደ ገጠር የሚሠማሩ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። ይህ ሁሉ ትልቅ እርምጃ ቢሆንም፣ ሆስፒታሉም ሐኪሙም በጥቂት ከተሞች ተከማችቶ ቀረ። በ1960ዎቹ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት እድሮችን በሰፈር ልማት ተባባሪ ለማድረግ መሞከሩ፣ የእድር አቅም ከቀብር እንደሚያልፍ መታወቅ መጀመሩን ያመለክታል።

ይህ ጅምር ብዙ አልተራመደም። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የወረሰው የ1975 አዋጅ ቀበሌን ሲፈጥር፣ የሰፈር ጉዳይ ሁሉ ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ተዛወረ፤ እድርም ወደ ቀብሩ ተመለሰ። በ1978 የአልማ አታ ጉባኤ የጤና አገልግሎት በሕዝብ ተሳትፎ ላይ እንዲመሠረት ሲያውጅ፣ አገራችንም መመሪያውን ተቀብላ የጤና ወኪሎችንና የልምድ አዋላጆችን አሠለጠነች። ነገር ግን ተሳትፎ በትእዛዝ በሚፈጸምበት አገዛዝ «ሕዝቡ ወሰነ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ «ሕዝቡ ታዘዘ» ማለት ነበር። እድር ከዚያ ዘመን ሳይጠፋ የወጣው፣ በእኛ አስተያየት፣ ማንም ባለሥልጣን የማይመኘውን ሥራ፣ ማለትም ሬሳ መቅበርን፣ የሙጥኝ ብሎ ስለ ያዘ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ኤድስ ነበር። በሽታው በኢትዮጵያ በ1980ዎቹ አጋማሽ ከታወቀ በኋላ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ የየሰፈሩ ጥሩንባ ያለ ዕረፍት ይነፋ ጀመር። ቀባሪው ደከመ፤ ካዝናውም ሳሳ። ያን ጊዜ አንዳንድ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ለታመመ አባል በሕይወት ሳለ መርዳት፣ አልጋ የያዘውን በቤቱ ማስታመም፣ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን መደገፍ ጀመሩ። የጸረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መታደል የጀመረው በ2005 ነውና፣ ከዚያ በፊት ለአብዛኛው ድኻ በሽተኛ ያለው መድኃኒት የጎረቤት እጅ ብቻ ነበር። ከሁሉም በላይ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት የእድር ጉባኤ ላይ የበሽታው ስም በግልጽ መነሣቱ፣ በሽተኛን የማግለል ልማድ እንዲላላ አግዟል።

ይህን ስንል ግን እድርን ከጉድለቱ ልናነጻው አንሻም። መዋጮ መክፈል ያልቻለ ይሰረዛል፤ ዘግይቶ የሚገባ ሰው ከፍ ያለ መግቢያ ይጠየቃል፤ ቤት ተከራይቶ ከሰፈር ሰፈር የሚዞረው ቀን ሠራተኛም ከጥላው ውጭ ይቀራል። ስለዚህ እድር የጎረቤታሞችን እኩልነት ቢያስከብርም፣ ከሁሉ የተቸገረውን የመሳት ባሕርይ አለው። የጤና እኩልነትን የምንሻ ሰዎች ይህን ልንሸሽገው አይገባም።

ሕዝብ ራሱ ሲይዘው ሥራው ምን ያህል እንደሚሠምር ለመረዳት አንድ ምሳሌ እንጨምር። በትግራይ ገጠር በተካሄደና በ2000 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት በታተመ ጥናት፣ አስተባባሪ ሆነው የተመረጡ እናቶች ጎረቤቶቻቸውን የወባ ምልክት ለይተው ልጆቻቸውን በቤት ውስጥ በክሎሮኪን እንዲያክሙ አስተማሩ። ትምህርቱ በተሰጠባቸው ጣቢያዎች የአምስት ዓመት ዕድሜ ያልሞላቸው ሕፃናት ሞት በ40 በመቶ ቀነሰ። መድኃኒቱ አዲስ አልነበረም፤ አዲሱ ነገር ዕውቀቱ በእናት እጅ መግባቱ ነበር።

የጤና ኢኮኖሚ ተመራማሪው ዳመን ኃይለማርያም በ2003 ባሳተሙት ጥናት እድርን የሕክምና ወጪ መሸፈኛ አማራጭ አድርገው መርምረዋል። መንግሥት በበኩሉ በዚያው ዓመት የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን ጀመረ፤ በ2011 ደግሞ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንን በ13 ወረዳዎች ሞከረ። መድኑ የእጅግ ድኻውን መዋጮ ከመንግሥት በጀት እንዲከፈል ማድረጉ፣ ከላይ የነቀፍነውን የእድር ጉድለት የሚያርም ነውና ሊመሰገን ይገባዋል። ይሁንና መዋጮ በትእዛዝ ሲሰበሰብ አባሉ ከፋይ ብቻ ይሆናል፤ ሒሳቡን አይጠይቅም፣ መድኃኒት ሲጠፋም ተጠያቂውን አያውቅም። በእድር ግን ገንዘብ ያዡ ጎረቤቱ ነው፤ በጉባኤ ተነሥቶ ሒሳብ ሊጠይቀው ይችላል። እኛ የምንደርስበት መደምደሚያ ይህ ነው፦ የድኻውን ዕዳ መሸከም የመንግሥት ግዴታ ነው፤ መወሰንና መቆጣጠር ግን የሰፈርተኛው መብት ነው። አንዱ ያለ ሌላው ለጤና እኩልነት አይበቃም።

በመጨረሻም ነገሩን ወደ ራሳችን እንመልሰው። በስደት የምንኖር ኢትዮጵያውያንም፣ ያው የጥንቱ ጥያቄ አስጨንቆን፣ በየምንኖርበት ከተማ እድር አቋቁመናል። ወገን ሲሞት በጥቂት ቀናት ገንዘብ አዋጥተን አስከሬኑን ወደ አገሩ እንልካለን፤ ይህም የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ያው ወገናችን ታክሲ ሲነዳ፣ በመኪና ማቆሚያ ሌሊቱን ሲያነጋ፣ የጤና መድን ሳይኖረው የደም ግፊቱን ሳይለካ ዓመታት ሲያልፉት ማን ጠየቀው? በመካከላችን ሐኪሞች፣ ነርሶችና የመድኃኒት ባለሙያዎች ሞልተዋል። የኤድስ ዘመን የሰፈር እድርተኞች ከእኛ ባነሰ ትምህርትና እጅግ ባነሰ ገንዘብ ደንባቸውን ለሕያዋን አሻሽለዋል። የእኛስ እድር ደንብ ስለ ሕያው አባል የሚናገር አንድ አንቀጽ የሚጨመርበት መቼ ነው?