ከሰገራ ጋር የሚታይ ደም ሁሉ ኪንታሮት አይደለም፦ የአንጀት ካንሰርና ቅድመ ምርመራው

የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር በዓለም ላይ በብዛት ከሚከሰቱት ካንሰሮች ሦስተኛው፣ በገዳይነቱ ደግሞ ሁለተኛው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ከ1.9 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በዚህ ካንሰር እንደተያዙ፣ ከ930 ሺህ በላይ ደግሞ እንደሞቱ ገምቷል። በአገራችንም በወንዶች ላይ በብዛት ከሚታዩት ካንሰሮች አንዱ ነው።

በሽታው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በአንጀት የውስጥ ግድግዳ ላይ ከሚበቅል ፖሊፕ ከሚባል ትንሽ እባጭ ነው። እባጩ ወደ ካንሰር እስኪለወጥ 10 ዓመት ገደማ ሊወስድ ይችላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሐኪሙ በኮሎኖስኮፒ ካየው እዚያው ቆርጦ ያወጣዋል።

ሐረር ላይ ችግሩ የሚጀምረው ከስያሜው ነው። በጀጎል ውስጥም ሆነ ከግንቡ ውጭ ከሰገራው ጋር ደም ያየ ሰው «ኪንታሮት ነው» ብሎ ወደ ባህል መድኃኒት ይሄዳል። ድርቀቱን በጫት ያሳብባል፤ ጫት ማድረቁ እውነት ነው። ነገር ግን ኪንታሮት ያለበት ሰው ካንሰርም ሊኖርበት ይችላል፤ ሁለቱን የሚለየው ምርመራ ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ኢስቲንጃእ የምናደርገው በውሃ ስለሆነ ትንሽ ደም ሳናየው ታጥቦ ሊሄድ ይችላል። ለሳምንታት የዘለቀ የሰገራ ለውጥ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስ ወይም ክብደት መቀነስ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱ ምልክቶች ናቸው።

ሐያእም ብዙዎችን ያስቀራል። ፉቀሃኦች ግን ለሕክምና ሲያስፈልግ ዐውራን በሚያስፈልገው ልክ ማሳየትን ፈቅደዋል፤ እህቶችም ሴት ሐኪም መጠየቅ ይችላሉ። ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ) ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ጀናባ ስትጠይቅ ሐያእ አላገዳትም።

ምልክት የሌለው ሰው መመርመር የሚጀምርበት ዕድሜ በብዙ አገሮች 50 ነው፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 45 ዝቅ አድርጋዋለች። ወላጁ፣ ወንድሙ ወይም እህቱ የታመመበት ሰው በ40 ዓመቱ፣ ወይም ዘመዱ በታወቀበት ዕድሜ ላይ 10 ዓመት ቀንሶ፣ ከሁለቱ በሚቀድመው ይጀምራል። በአገራችን ለዚህ ካንሰር አገር አቀፍ የቅድመ ምርመራ ፕሮግራም ስለሌለ ጠሪ አይጠበቅም፤ ጀጎል ሆስፒታል ወይም ሕይወት ፋና ሄዶ ሐኪም ማማከር ነው። በሰገራ ውስጥ በዓይን የማይታይ ደምን የሚፈልገው ምርመራ ቀላል ነው፤ ደም ከተገኘበት ኮሎኖስኮፒ ይከተላል።

ለኮሎኖስኮፒ አንጀት የሚያጸዳ መድኃኒት በብዙ ፈሳሽ ስለሚጠጣ፣ ለቅድመ ምርመራ ብቻ የሚሄድ ሰው ቀጠሮውን ከረመዳን ውጭ ቢያደርገው ይሻላል። ደም የሚያይ ሰው ግን ዒድን አይጠብቅም፤ በሽተኛ የሚያፈጥረውን ቀን በኋላ ቀዷ ያወጣል።