ቃል የነበረው ዛጎል

ገንዘብ ሁልጊዜ ወርቅና ብር አልነበረም። በኢትዮጵያ አሞሌ ጨው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ መገበያያ ሆኖ አገልግሏል። በሰሜን አሜሪካ የአትላንቲክ ዳርቻ ደግሞ ተመሳሳይ ድርሻ የነበረው ኳሆግ የተባለ የባሕር እንስሳ ዛጎል ነው። ኳሆግ ከአሸዋ ተቆፍሮ የሚወጣ፣ ሥጋው የሚበላ፣ በሁለት ጠንካራ ክዳኖች የሚዘጋ ፍጡር ሲሆን፣ ስሙም ናራጋንሴት ከተባለው የአገሩ ነባር ሕዝብ ቋንቋ የተወሰደ ነው።

ነባሮቹ ሕዝቦች ሥጋውን ተመግበው ዛጎሉን ሁሉ አይጥሉም ነበር። ከውስጠኛው ሐምራዊ ክፍል ትንንሽ ዶቃ ይሠራሉ፤ ነጩን ዶቃ የሚያገኙት ከባሕር ቀንድ አውጣ ነው። ይህ ዶቃ ዋምፐም ይባላል። ዋምፐም አስቀድሞ የሸቀጥ ዋጋ አልነበረም፤ ሐዘንተኛ የሚጽናናበት፣ መልእክተኛ የሚታመንበት፣ የሰላም ቃል ኪዳን የሚጸናበት ነበር እንጂ። ኢሮኳ በመባል የሚታወቀው የአምስት ነገዶች ኅብረት አንድነቱን የገለጸው በዋምፐም መቀነት ነው፤ በሐምራዊ መደብ መካከል አንድ ነጭ ዛፍ፣ በግራና በቀኙም በነጭ መስመር የተያያዙ ሁለት ሁለት አራት ማዕዘኖች ይታዩበታል።

ዋምፐምን ወደ ገንዘብነት የለወጡት አውሮፓውያን ናቸው። የሆላንድና የእንግሊዝ ሰፋሪዎች የብረት ሳንቲም ስላነሳቸው፣ ቢቨር የተባለውን እንስሳ ቆዳ የሚገዙት በዶቃው ሆነ። በጦርነት ከተሸነፉት ነገዶችም ግብር በዶቃ ይቀበሉ ነበር። የማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1637 ስድስት ዶቃ በአንድ ፔኒ ሒሳብ ለአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ደነገገ። ሐምራዊው የነጩን እጥፍ ያህል ያወጣ ነበር። ስዊድናዊው ሊኒየስም እ.ኤ.አ. በ1758 ለእንስሳው ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣለት፣ ደመወዝን ከሚያመለክት የላቲን ቃል ወሰደለት።

ነገር ግን ዋጋው አልዘለቀም። የብረት መሰርሰሪያ ሥራውን ስላቀለለው ዶቃው በዛ፤ የቢቨር ቆዳ ንግድ ተዳከመ፤ ቦስተንም እ.ኤ.አ. በ1652 የብር ሳንቲም ማተም ጀመረች። በ1661 ማሳቹሴትስ ሕጉን ሻረችው።

ገንዘቡ ሲረክስ ቃል ኪዳኑ ግን አልረከሰም። የኒውዮርክ ግዛት ሙዚየም ለብዙ ዓመታት ይዟቸው የነበሩትን 12 መቀነቶች፣ የአምስቱን ነገዶች መቀነት ጨምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ለኦኖንዳጋ ሕዝብ መለሰ። በገበያ ዋጋቸው ከጠፋ ከ300 ዓመታት በኋላ ባለቤቶቹ አጥብቀው የጠየቋቸው፣ የአባቶቻቸው ቃል የታሰረባቸው ስለሆኑ ነው።