የዌልሱ ባላባትና አሥራ ሁለቱ ሰዎች

በማኅበራችን የኢዮቤልዩ መጽሔት ላይ ስለ አንድ የዌልስ ባላባት መጻፍ ምን ይባላል የሚል አይጠፋም። ምክንያት አለን። እኛ ናይሮቢ ሱቅ ከፍተን፣ ልጆች ወልደን የምንኖርበት አገር የሕግ ሥርዓት በብዙ ነገሩ ከእንግሊዝ የተወረሰ ነው። አንድ ሰው ሲታሰር «ዳኛ ፊት ይቅረብ፣ የታሰረበትም ምክንያት ይመርመር» ተብሎ የሚቀርበው አቤቱታ ሄቢየስ ኮርፐስ ይባላል። በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት ይህን መብት ሊገደቡ ከማይችሉት መብቶች አንዱ አድርጎታል። ከአገሩ ወጥቶ የሚኖር ሰው የዚህን መብት ዋጋ ያውቀዋል። በዚህ አቤቱታ ላይ ከተሰጡት ጥንታዊ ፍርዶች እጅግ ከታወቁት አንዱን የሰጡት ሰር ጆን ቮን ናቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጆን ቮን በ1603 በምዕራብ ዌልስ፣ በካርዲጋንሻየር፣ ትራውስጎይድ በተባለው የአባቶቻቸው ርስት ተወለዱ። ኦክስፎርድ ተምረው በ1621 ለንደን ወደሚገኘው የሕግ ማኅበር፣ ወደ ኢነር ቴምፕል ገቡ። እዚያም ከታላቁ የሕግ ሊቅ ከጆን ሴልደን ጋር የዕድሜ ልክ ወዳጅነት መሠረቱ። በ1628 የካርዲጋን ከተማን ወክለው ፓርላማ ገቡ፤ በ1640ም እንደገና ተመረጡ።

በ1642 በንጉሡና በፓርላማው መካከል የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። ቮን ከፓርላማው ርቀው ስለነበር በ1645 ወንበራቸውን አጡ። ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ በ1649 ተሰይፈው ክሮምዌል ሥልጣን ሲይዝ፣ እሳቸው ርስታቸው ላይ መቀመጥን መረጡ። ዘውዱ በ1660 ሲመለስ ግን ጊዜያቸው መጣ። በ1661 ካርዲጋንሻየርን ወክለው ተመረጡ፤ በንግግራቸውም ተፈሩ።

እንከን የለሽ ሰው አልነበሩም። የወጣትነት ወዳጃቸው የነበሩት ቻንስለር ክላረንደን በ1667 ሲከሰሱ፣ ከከሳሾቹ ግንባር ቀደም ቮን ነበሩ። ክላረንደንም በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ቮንን ትዕቢተኛ ሲሉ ነቅፈዋቸዋል። በ1668 ንጉሡ «ሰር» የሚል ማዕረግ ሰጥተው፣ ኮመን ፕሊስ የተባለው ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ አደረጓቸው።

ስማቸውን ያስጠራው ጉዳይ በ1670 መጣ። ኩዌከር የተባሉት አማኞች የጸሎት ቤታቸው በወታደር ስለተዘጋባቸው፣ ዊሊያም ፔን ለንደን መንገድ ላይ ቆመው ሰበኩ። ከጓደኛቸው ከዊሊያም ሚድ ጋርም ሁከት አስነሥታችኋል ተብለው ተከሰሱ። በእንግሊዝ ሥርዓት ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም የሚሉት፣ ጁሪ የሚባሉት ከሕዝብ የተመረጡ 12 ሰዎች ናቸው። አሥራ ሁለቱ ጥፋተኛ ናቸው አንልም አሉ። ዳኞቹ ተቆጥተው ሁለት ሌሊት ያለ ምግብ፣ ያለ ውኃና ያለ እሳት ዘጉባቸው። ሰዎቹ ግን ቃላቸውን አላጠፉም፤ በመጨረሻም ጥፋተኛ አይደሉም ብለው ፈረዱ። ስለዚህ እያንዳንዳቸው 40 ማርክ፣ ማለትም ከ26 ፓውንድ በላይ ተቀጡ፤ እስኪከፍሉም ወደ እስር ቤት ተላኩ።

ከመካከላቸው ኤድዋርድ ቡሼል አልከፍልም ብሎ በሄቢየስ ኮርፐስ አቤት አለ። ጉዳዩ ሰር ጆን ቮን ፊት ቀረበ። ቮን ኩዌከር አልነበሩም፤ የሥርዓትና የሕግ ሰው ነበሩ። ነገር ግን የሰጡት ምክንያት ግልጽ ነበር። አንድ ምስክርነት የሰሙ ሁለት ቅን ሰዎች የተለያየ ነገር ሊያምኑ ይችላሉ። ማመን ያለበት ማሉ የተባሉት ሰዎች ኅሊና እንጂ የዳኛው ኅሊና አይደለም። ዳኛው ውሳኔውን የሚያዝዝ ከሆነ 12 ሰው መሰብሰብ ለምን አስፈለገ? ስለዚህ ጁሪ በሰጠው ፍርድ ምክንያት አይቀጣም፣ አይታሰርም ብለው ቡሼልን ፈቱት።

ሰር ጆን በ1674 አርፈው በቴምፕል ቤተ ክርስቲያን፣ በወዳጃቸው በሴልደን መቃብር አጠገብ ተቀበሩ። የልጅ ልጃቸው በ1695 የሊዝበርን ቫይካውንት ተባሉ። ሹመትና ርስት ለቤተሰብ ነው፤ ያ ፍርድ ግን ለማያውቋቸው ሰዎች ሁሉ ተረፈ። ዛሬ በለንደኑ ኦልድ ቤይሊ ፍርድ ቤት ውስጥ የአሥራ ሁለቱን ጽናትና የቮንን ፍርድ የሚያስታውስ የድንጋይ ጽሑፍ አለ።

እኛ «በሕግ አምላክ!» ሲባል መቆምን ከአባቶቻችን ተምረናል። እዚህ ለተወለዱት ልጆቻችን የምንለው ይህንኑ ነው፦ የምትኖሩበትን አገር ሕግ እወቁ፤ መብት የሚጠበቀው ደግ ሹም ሲገኝ ብቻ ሳይሆን፣ ተራው ሰው ቃሉን ሲጠብቅና ዳኛውም ሕጉን ሲያከብር ነው። መልካም ኢዮቤልዩ!